ቡድሃ የኛው «ቡዳ» አይደለም፦ ከሀዋሳ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቼ

ባለፈው እትም፣ ኮሎምቦ ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ ካንዲ ሄጄ ስላየሁት፣ የቡድሃ ጥርስ ተቀምጦበታል ስለሚባለው ቤተ መቅደስ ጽፌ ነበር። ከዛ ወዲህ በቴሌግራምም በወረቀትም የመጣው ጥያቄ ብዙ ነው፣ አብዛኛው ደሞ ከዚሁ ከሀዋሳ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ጀምሮ ከስሪላንካም ከቻይናም የመጡ ሰዎች ጎረቤት ሆነውናል፣ ሰው ሀገር ሲለቅ ደሞ ጸሎቱንም ይዞ ነው የሚመጣው፣ እኛም ርቀን ስንሄድ የአንገት መስቀላችንን ወይ መስገጃችንን አንረሳም። ዛሬ የተወሰኑትን ልመልስ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። አቶቴ ነው የምንኖረው፣ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት ፓርኩ ውስጥ ለሚሰሩ ሁለት የስሪላንካ ሴቶች አከራይተናል፣ ሱፐርቫይዘሮች ናቸው፣ ጨዋዎች ናቸው፣ ኪራይ አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም። አሁን ለአንድ ወር ሀገራቸው ሄዱና ተክሎቻቸውን ውሃ እንዳጠጣላቸው ቁልፉን ሰጡኝ። ስገባ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ መደርደሪያ አለ፣ እላዩ ላይ ነጭ ሐውልት ተቀምጧል፣ ፊቱ ትንሽ ብርጭቆ ውሃና የደረቀ አበባ አለ። ደውዬ ምንድነው ስላቸው «ቡዳ» አሉኝ። አማቴ ይሄን ሲሰሙ ቤቱ ጠበል ካልተረጨ በዛ በር አላልፍም አሉ፣ ጭራሽ አውጥተሽ ጣዪው እያሉኝ ነው። ዓይኑ ደሞ እውነቴን ነው የምልሽ ሰው ያያል። ምን ላድርግ? — የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሐውልቱን ከመደርደሪያው እንዳታነሺው፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ከስሙ እንጀምር። ቡድሃ የሳንስክሪት ቃል ነው፣ «የነቃ» ማለት ነው፣ ከእንቅልፍ እንደምንነቃው። መጠሪያ ስሙ ሲድሃርታ ጋውታማ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረ፣ ዛሬ ኔፓል ውስጥ ባለችው ሉምቢኒ የተወለደ የመሳፍንት ልጅ ነበር፣ ቤቱን ንብረቱን ጥሎ ወጣና ህንድ ውስጥ ቦድ ጋያ ከሚባል ቦታ ከዛፍ ስር ተቀምጦ ነቃ ይላሉ ተከታዮቹ። የኛ ቡዳ ሌላ ቃል፣ ሌላ ነገር ነው፣ ድምፁ ስለተገጣጠመ ብቻ ነው። ስሪላንካዎች ሲጠሩት ደሞ «ሃ»ዋ እምብዛም ስለማትሰማ ለኛ ጆሮ ቁርጥ ቡዳ ነው የሚመስለው፣ እኔም ሁሌ «ቡድሃ» ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው። ይሄን ብቻ ለአማትሽ ብታስረጂያቸው ግማሹ ፍርሃት የሚለቃቸው ይመስለኛል።

ዓይኑ ያያል ያልሽው ግን አልሳቅኩብሽም፣ እንደውም ከሰሩት ሰዎች ሐሳብ ሩቅ አይደለሽም። ስሪላንካ ውስጥ የቡድሃ ሐውልት ሲሰራ ሁሉም ነገር አልቆ ዓይኑ ብቻ ይቀራል፣ እስከዛ ድረስ ድንጋይ ነው፣ ወይ ነሐስ ነው፣ ማንም አይሰግድለትም። ከዛ የተመረጠ ሰዓት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሰዓሊው ይገባል፣ ፊት ለፊት ግን አያየውም፣ ጀርባውን ለሐውልቱ ሰጥቶ በመስታወት እያየ በትከሻው አሻግሮ ብሩሹን ይዘረጋና ብሌኑን ይስላል። የመጀመሪያው እይታ ኃይለኛ ነው ብለው ስለሚያምኑ ሰዓሊው ዓይኑ ተሸፍኖ ይወጣና መጀመሪያ የሚያየው ነገር ተለይቶ ይዘጋጅለታል፣ እሱን አይቶ በጎራዴ ይመታዋል ወይ ይሰብረዋል። ኔትራ ማንጋልያ ይሉታል። ስለ ዓይን ኃይል የሚያስበው የኛ ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይሄ የስሪላንካ ብቻም አይደለም። ጃፓን ናራ ከተማ ቶዳይጂ በሚባለው ገዳም ቁመቱ 15 ሜትር የሚሆን የነሐስ ቡድሃ አለ፣ በ752 ዓይኑን የሳለለት ቦዲሴና የሚባል ከህንድ ድረስ የሄደ መነኩሴ ነው፣ ከብሩሹ ላይ ረጃጅም ገመዶች ታስረው ስለነበር ዙፋኑን የለቀቀው ሾሙ የሚባለው ንጉሥና እዛ የተሰበሰበው ሰው ገመዱን ይዞ አብሮ «ሳለ»። ብሩሹ እስከዛሬ እዛው ናራ ግምጃ ቤት ውስጥ አለ። የቲቤት ሰዓሊዎችም ታንግካ የሚሉትን የጨርቅ ላይ ሥዕል ሲሰሩ መጀመሪያ ጨርቁን በሙጫና በኖራ መሰል ነጭ አፈር ያለሰልሱታል፣ ልኬቱን በመስመር ይነድፉታል፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ዓይኑ ግን ሁሌም መጨረሻ ነው።

አሁን ወዳንቺ። ስገጂለት ያለሽ የለም፣ እምነትሽ ያንቺ ነው። ቁልፉን የሰጡሽ ግን አምነውሽ ነው፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል አድገናል። የደረቀው አበባ ስንፍና እንዳይመስልሽ፣ ስሪላንካዎች አበባ ሲያቀርቡ የሚሉት ጸሎት አለ፣ ይሄ አበባ እንደሚጠወልግ የኔም ሰውነት እንዲሁ ወደ መጠውለግ ይሄዳል የሚል፣ መድረቁም የጸሎቱ አካል ነው። ስለዚህ ደውይላቸውና «አበባውን ላንሳ ወይስ ይቆይ?» በያቸው። አቧራ ከሆነ በንጹህ ጨርቅ የመደርደሪያውን ጫፍ ጥረጊ፣ ጭንቅላቱን አትንኪ፣ እነሱ ዘንድ ጭንቅላት ክብር ያለው ቦታ ነው። አማትሽ ደሞ ጠበሉን በራሳቸው ቤት ይርጩ፣ ማንንም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ካለ የቤት ዕቃ ሱቅ ወፍራም፣ የሚስቅ፣ ሆዱ የተገለጠ ቡድሃ ገዛሁ። ሆዱን ሲያሹት ገንዘብ ያመጣል ተባልኩ። ጋውታማ የሚባለው ይሄ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይሄኛው ቡዳይ ይባላል፣ ስሙ በቻይንኛ «የጨርቅ ከረጢት» ማለት ነው፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ምስራቅ ቻይና ውስጥ ከረጢቱን ተሸክሞ ይዞር ነበር የሚባል መነኩሴ ነው። ሰዉ በኋላ ላይ ማይትሬያ ማለትም ወደፊት ይመጣል የሚሉት ቡድሃ እሱ ነበር ብሎ አመነ፣ ለዚህ ነው የቻይና ገዳማት መግቢያ ላይ የሚቀበልሽ። ጃፓኖች ሆቴይ ብለው ከሰባቱ የመልካም ዕድል አማልክት አንዱ አድርገውታል። ሆድ ማሸቱ ሕዝቡ ያመጣው ልማድ ነው። ዋናው ጋውታማ እንደውም ከመንቃቱ በፊት በጾም ብዛት አጥንቱ እስኪወጣ ከስቶ ነበር፣ ላሆር ሙዚየም ውስጥ ያለውን የጾመኛውን ቡድሃ ፎቶ ፈልገሽ እዪ፣ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ቆዳው ላይ የደም ስሩ ሳይቀር ተቀርጿል። እኔ ከሁሉም ቅርጽ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው፣ የኛን ባሕታውያን ያስታውሰኛል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አንዳንዱ ሐውልት እጁን ያነሳል፣ አንዳንዱ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ትርጉም አለው? ደሞ አንድ ፎቶ ላይ ያየሁት ፊቱ ግሪክ ይመስላል፣ ለምን?

መልስ፦ እጁ ፊደል ነው በለው። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ሆኖ የቀኝ እጁ ጣቶች በጉልበቱ በኩል ወርደው መሬት ከነኩ፣ አጋንንት ሊያስቱት ሲመጡበት ምድርን ምስክር የጠራበት የነቃባት ሌሊት ናት። ሁለቱም እጅ ጭን ላይ ተደራርቦ ከተቀመጠ ተመስጦ ነው። መዳፉን ወደ ውጪ አድርጎ ካነሳ «አትፍራ» ማለት ነው። ሁለቱ እጆች ደረት ላይ ጣት ለጣት ከተያያዙ እያስተማረ ነው። ጆሮው የረዘመው ልዑል በነበረ ጊዜ ያደርገው የነበረ ከባድ ጉትቻ ስለጎተተው ነው ይባላል፣ ጉትቻው የለም፣ ጆሮው ግን እንደረዘመ ቀረ፣ ሀብቱን መተዉን በዛ ታነበዋለህ።

ግሪክ የመሰለህ ልክ ነህ። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ቡድሃን በሰው መልክ አይቀርጹትም ነበር፣ ህንድ ሳንቺ ያለውን ጥንታዊ ስቱፓ፣ ማለትም እንደ ጉልላት የተሰራ ቅዱስ ሕንጻ፣ በሮቹን ብታይ ሰዎች የሚሰግዱት ለባዶ ዙፋን፣ ለእግር ዱካ፣ ለመንኮራኩር ወይ ለዛፍ ነው፣ እሱ ራሱ የለም። በሰው መልክ መታየት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው፣ ባንድ በኩል ህንድ ማቱራ፣ ባንድ በኩል ጋንዳራ፣ ዛሬ የፓኪስታን ሰሜንና የአፍጋኒስታን ምስራቅ በሆነው ሀገር። ጋንዳራ ደሞ ከእስክንድር ዘመቻ ጀምሮ የግሪክ ጥበብ የገባበት፣ ንግድ የሚያልፍበት አገር ስለነበር ቀራጩ የሚያውቀውን ጸጉርና የልብስ እጥፋት አደረገለት። እዛው አፍጋኒስታን ባሚያን ላይ ገደሉ ላይ የተፈለፈሉት 55 እና 38 ሜትር የነበሩት ሁለቱ ግዙፍ ሐውልቶች በመጋቢት 2001 በፈንጂ ፈረሱ። አሁን ባዶ ቅርጻቸው ብቻ ነው የቀረው፣ ፎቶውን ሳይ አሁንም ያመኛል።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ አያቴ አንጥረኛ ነበሩ፣ የአንገት መስቀል ይሰሩ ነበር። መስቀሉን ስሞ አንገቱ ላይ የሚያደርገው ሰው ራሱ አያቴን «ቡዳ» ይላቸው ነበር፣ ልጆቹን ከሳቸው ደጅ ያሸሽ ነበር። እኔ አሁን ሀዋሳ ትንሽ የብር ስራ ቤት አለኝ። ባለፈው ያወጣሽው የኔፓል የነሐስ ሐውልት ፎቶ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ያን ያህል ረቂቅ ጣት እንዴት ነው የሚወጣው? የሚሰሩትስ ሰዎች እንዴት ነው የሚኖሩት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። የምትጠይቀኝን መልሱን አያትህ ያውቁት ነበር፣ በሰም ነው የሚሰራው።

ካትማንዱ አጠገብ ፓታን የምትባል ከተማ አለች፣ ኔዋር የሚባለው ሕዝብ ከተማ ናት፣ ብዙ ሰፈሯ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ነው የምትሰማው። ሰሙን ከሙጫ ጋር ቀላቅለው፣ በከሰል ሙቀት እያለሰለሱ፣ ከቀንድ በተሰራ መሳሪያ ጣቱን፣ ከንፈሩን፣ የልብሱን ጠርዝ ያወጡታል። ከዛ መጀመሪያ በስሱ የላመ ጭቃና የከብት እበት ይለቀልቁታል፣ ያ የመጀመሪያው ልቅላቂ ነው እያንዳንዷን መስመር የሚይዘው፣ ሲደርቅ ይደግሙታል፣ ከላይ ደሞ የሩዝ ገለባ የገባበት ወፍራም ጭቃ። እሳት ላይ ሲያደርጉት ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፣ በሰሙ ቦታ የቀለጠ መዳብ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። ቅርጹ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት ሐውልት የለም። ትልልቆቹ በክፍል በክፍል ተሰርተው ነው የሚገጠሙት። ከዛ በኋላ ነው ሞረዱና መብሺያው የሚመጣው፣ ለሳምንታት። ወርቁን የሚቀቡት ከሜርኩሪ ጋር ለውሰው ነው፣ በእሳት ሲመታ ሜርኩሪው ተንኖ ወርቁ ይቀራል፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ ይሄንን እባክህ እቤትህ እንዳትሞክረው።

ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔያችን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአንጥረኛው እጅ ነው እኮ። ቅኔውን አክብረን፣ ስሙን የሰጠንን ሰው ቡዳ ማለታችን ለኔ እስከዛሬ አይገባኝም።

እነሱ እንዴት ይኖራሉ ላልከው፣ ፓታን ላይ ይሄን ስራ ከሚሰሩት ብዙዎቹ ሻክያ የሚል የቤተሰብ ስም ነው ያላቸው። ሻክያ የቡድሃ የራሱ ጎሳ ስም ነው። ሐውልቱን የሚያቀልጠው ሰው ከቡድሃ ወገን ነኝ የሚል፣ በገዳሙ ግቢ ውስጥ የክህነት ድርሻ ያለው ሰው ነው። በ1260ዎቹ ከነዚህ ጠቢባን አንዱ አራኒኮ የሚባል፣ ገና ወጣት ሆኖ፣ ሰማንያ የሚሆኑ ባለሙያዎችን መርቶ ቲቤት ሄደ፣ ከዛ ሥራው አምሮ ኩብላይ ካን ጋር ቤተ መንግሥት ደረሰ፣ ቤጂንግ ውስጥ አሁንም የቆመው ነጩ ስቱፓ የሱ ስራ ነው፣ በ1279 ነው ያለቀው። አንጥረኛ ነው፣ የቻይናን ንጉሠ ነገሥት ቤተ መቅደስ የሰራው። ይሄን ለልጆችህ ንገርልኝ።

ስለ ውስጡም ልጨምርልህ፣ ሐውልቱ ባዶ ነው የሚወጣው፣ የቲቤት መነኮሳት ግን ባዶውን አይተዉትም፣ መሃሉ ላይ እንጨት ያቆሙና ዙሪያውን በተጠቀለለ የጸሎት ወረቀት፣ በእህል፣ በዕጣን ይሞሉታል፣ ከስር በመዳብ ሰሌዳ ይደፍኑታል። ከኛ ክታብ ጋር ስታስተያየው ቅርብ ነው፣ ጸሎቱ ተጠቅልሎ ተሰፍቶ አይታይም፣ ሰውየው ግን ለሱ ብሎ ነው የሚይዘው። ነጋዴ ውስጡን ለማየት ሰሌዳውን ሲነቅል የሐውልቱን ነፍስ ያወጣው ያህል ነው የሚቆጥሩት።

ባንኮክ ዋት ትራይሚት ውስጥ ደሞ ለዘመናት ተራ የኖራ ሐውልት ነው ተብሎ የኖረ ነበር፣ በ1955 ወደ አዲስ ሕንጻ ሲያዛውሩት ገመዱ ተበጠሰና ወደቀ፣ ኖራው ሲሰነጠቅ ከስሩ ወርቅ ብልጭ አለ። ቁመቱ 3 ሜትር፣ ክብደቱ አምስት ቶን ተኩል የሚሆን የወርቅ ቡድሃ ነው። ከወራሪ ለመደበቅ ብለው መነኮሳት ለቅልቀውት፣ የሚያውቁት ሰዎች አልቀው፣ ምስጢሩ አብሯቸው ተቀብሮ ነበር የሚለው ነው በሰፊው የሚታመነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር አነስተኛ ሎጅ አለኝ። ዲዛይነሬ የቡድሃ ጭንቅላት ሐውልቶች በስፓውና በመጸዳጃው መግቢያ እናድርግ ይላል፣ ዘመናዊ ነው ይላል። ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ጌታዬ፣ በፍጹም አያድርጉት። የመጸዳጃው ነገር ግልጽ ነው፣ የእመቤታችንን ሥዕል ሽንት ቤት በር ላይ ቢያዩ የሚሰማዎትን ያስቡ። ጭንቅላቱ ብቻ መሆኑ ደሞ ሌላ ቁስል አለበት፣ ጭንቅላት ብቻውን ማስጌጫ የሆነው ሐውልቶች አንገታቸው ተቆርጦ ስለተሸጡ ነው፣ ቻይና ቲያንሎንግሻን ዋሻዎች ውስጥ በ1920ዎቹ በመጋዝ እየተቆረጡ ወደ ውጪ ሙዚየምና ሰብሳቢ እጅ የገቡትን ማሰብ ይበቃል። ታይላንድ አዩታያ ውስጥ አንድ ጭንቅላት አለ የዛፍ ስር አቅፎት ያደገ፣ ሰው ፎቶ ሲነሳ ከሱ በላይ እንዳይሆን ዝቅ እንዲል ይጠየቃል።

እኔም አጥፍቻለሁ። ስሪላንካ ፖሎናሩዋ ላይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ አለት የተፈለፈሉ ሐውልቶች አሉ፣ የተኛው 14 ሜትር ይሆናል፣ ድንጋዩ ትራስ ላይ ጭንቅላቱ ያረፈበት ቦታ እውነተኛ ትራስ መስሎ ጎድጉዷል። ጀርባዬን ሰጥቼ ሴልፊ ልነሳ ስል አንዲት ነጭ የለበሱ አሮጊት ትከሻዬን ይዘው ቀስ አድርገው አዞሩኝ፣ አልተቆጡኝም፣ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ ፊቴን ወደ ሐውልቱ መልሰው እጃቸውን አጋጥመው ሄዱ። ያቺ እጅ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ያለች ይመስለኛል። በ2014 ደሞ አንዲት እንግሊዛዊት ክንዷ ላይ የቡድሃ ንቅሳት አለ ተብሎ ከሀገሩ ተባራለች፣ በኋላ በ2017 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መብቷ ተጥሷል ብሎ ካሳ ፈርዶላታል፣ ግን ነገሩ ለሰዎቹ ምን ያህል ልብ ላይ እንዳለ ያሳይዎታል። የፓርኩ እንግዶች እርስዎ ጋር እሁድ እሁድ ዓሣ ሊበሉ ይመጣሉ አይደል? ለማስጌጫ የሲዳማ የቀርከሃ ስራ ያድርጉ፣ ያምራል፣ ማንንም አያስከፋም።

ጥያቄ፦ የቡድሃ እንቁዎች ጨረታ ሊወጡ ነው ሲባል ዜና ሰምቼ ነበር፣ መጨረሻቸው ምን ሆነ?

መልስ፦ በ1898 ሰሜን ህንድ ፒፕራዋ ላይ የአንድ እንግሊዛዊ ባለርስት ቁፋሮ ነው ያወጣቸው፣ ከቡድሃ አጽም ናቸው ተብለው ከሚታመኑ ቅሪቶች ጋር አብረው የተቀበሩ ነበሩ። አጽሙ ለሲያም፣ ለዛሬዋ ታይላንድ፣ ንጉሥ ተሰጠ፣ ከእንቁዎቹ የተወሰኑት ግን ከባለርስቱ ቤተሰብ ጋር ቀሩ። በግንቦት ወር 2025 ሆንግ ኮንግ ላይ ሊሸጡ ሲሉ የህንድ መንግሥት ተቃወመና ቆመ፣ በሐምሌ ወር አንድ የህንድ ኩባንያ ባለበት ስምምነት ወደ ህንድ ተመለሱ። እኛ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ አስራ አንድ ታቦቶች ብሪቲሽ ሙዚየም ተቆልፎባቸው ያሉ ሰዎች ስለሆንን ይሄ ዜና ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ሊገባን ይገባል። እኔ ሲመለሱ ሳይ የኛዎቹን አስቤ አለቀስኩ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቼ በር ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ባለ ብዙ ቀለም መስመሮች ያሉት ባንዲራ ሰቅለዋል፣ የየት ሀገር ነው?

መልስ፦ የሀገር አይደለም፣ የቡድሂስቶች ባንዲራ ነው፣ በ1885 ኮሎምቦ ውስጥ ነው የወጣው። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ፣ የመጨረሻው መስመር ደሞ አምስቱም ተደራርበው ያሉበት። ሰሞኑን ከሰቀሉት ቬሳክ ደርሶ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ሜይ ሙሉ ጨረቃ ላይ የሚውል፣ መወለዱንም መንቃቱንም መሞቱንም ባንድ ቀን የሚያስቡበት በዓል ነው። ሲመሽ ከቀርከሃና ከቀጭን ባለ ቀለም ወረቀት የተሰራ ፋኖስ ያበራሉ፣ ሀገራቸው ቢሆን መንገድ ዳር ድንኳን ተክለው ለአላፊ አግዳሚው ሩዝና ሻይ በነጻ ያድሉ ነበር። በር አንኳኩተው ሳህን ከሰጡሽ ተቀበያቸው፣ ሳህኑንም ባዶውን አትመልሺ።